«ካልኩለስ የተማርኩትን ሰው የክፍልፋይ ክላስ አስገቡኝ»

የአንባቢያን ጥያቄና የመምህሩ መልስ

ሰመር ሲገባ ወደዚህ ዓምድ የሚመጡት ደብዳቤዎች መልካቸው ይቀየራል። ፋፍሳ ስለሚባለው የመንግሥት የትምህርት እርዳታ ማመልከቻና ስለ ስኮላርሺፕ የሚጠይቁት ይቀንሱና ፕሌስመንት ቴስት የሚለው ስም በየደብዳቤው ይነሳል። ፎል ሰሚስተር በኦገስት መጨረሻ ይጀምራል፤ ከዚያ በፊት ብዙ ኮሌጆች አዲሱን ተማሪ በእንግሊዝኛና በሒሳብ የትኛው ክላስ እንደሚመድቡት ማወቅ ይፈልጋሉ። ለዛሬ አራት ደብዳቤ መርጫለሁ። የመጀመሪያው ረዘም ያለ መልስ ይፈልጋል።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ከረሙ? የ34 ዓመት ሰው ነኝ፤ ሲልቨር ስፕሪንግ እኖራለሁ። ጎንደር ስማር በሒሳብ የሚቀድመኝ አልነበረም። በአሥረኛ ክፍል ማትሪክ ሒሳብ ኤ ነው ያመጣሁት፤ ፕሪፓራቶሪም ሊሚቱን፣ ዴሪቬቲቩን፣ ኢንቴግራሉን ጨርሰን ነው የወጣነው። እዚህ ከመጣሁ በኋላ ሥራ ላይ ብዙ ዓመት ቆየሁና አሁን ኮምፒውተር ሳይንስ ልማር ብዬ ኮሌጅ ገባሁ። ከሌሊት ሺፍት ወጥቼ በዚያው ሄጄ አኩፕሌሰር የሚሉትን የምደባ ፈተና ተፈተንኩ። 238 አመጣህ አሉኝ። ካልኩለስ እጀምራለሁ ስል ክሬዲት የሌለው ክላስ መደቡኝ። መጽሐፉን ገለጥ ባደርገው የመጀመሪያው ምዕራፍ ክፍልፋይ ነው! ይሄ ለስደተኛ ያላቸው ንቀት አይደለም ወይ? ይግባኝ የምልበት ቦታስ አለ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ብስጭትህ ይገባኛል፤ ንቀት ነው የሚለውን ግን አልቀበልህም። ያንን ነጥብ የሰጠህ ኮምፒውተር ከየት እንደመጣህ አያውቅም። እዚሁ ሜሪላንድ ተወልደው ያደጉ ልጆችም በየዓመቱ እዚያው ክላስ ሲመደቡ አያለሁ። የምሠራው የኮሌጅ ሒሳብ ማስጠኛ ክፍል ውስጥ ስለሆነ እንዳንተ የተናደደ የአገሬ ልጅ ወንበር ስቦ ፊቴ ሲቀመጥ አዲስ አይሆንብኝም።

መጀመሪያ ቁጥሩን እንፍታው። አኩፕሌሰርን የሚያዘጋጀው ኮሌጅ ቦርድ ነው፣ ኤስኤቲን የሚያወጣው ማለት ነው። የዛሬው ዓይነት በ2016 የወጣ ሲሆን ነጥቡ ከ200 ጀምሮ 300 ላይ ያበቃል። 238ን እንደ አገር ቤት ፈተና ወደ መቶኛ ቀይረህ «ሰባ ዘጠኝ አምጥቼ እንዴት!» ካልክ ተሳስተሃል፤ አንድ ጥያቄ ያልመለሰ ሰውም ከ200 በታች አይወርድም። ማለፊያና መውደቂያ የሚባል ነገርም የለውም። የመመደቢያውን ነጥብ እያንዳንዱ ኮሌጅ ራሱ ይወስናል፤ አንድ ዓይነት ነጥብ ይዘህ ሁለት ጎረቤት ኮሌጆች ብትሄድ ሁለት የተለያየ ክላስ ሊሰጡህ ይችላሉ።

ሒሳቡ ራሱ ሦስት ፈተና ነው፣ እያንዳንዱም 20 ጥያቄ አለው። አንዱ አሪትሜቲክ ነው፤ መካከለኛው ኳንቲታቲቭ ሪዝኒንግ፣ አልጀብራና ስታቲስቲክስ የሚል ረጅም ስም አለው፤ ከፍተኛው አድቫንስድ አልጀብራና ፈንክሽን ይባላል። አንዳንድ ኮሌጆች ከመካከለኛው ያስጀምሩህና እንዳመጣኸው ነጥብ ወደ ላይኛው ወይም ወደ ታችኛው ይልኩሃል። አሁን ልብ በል፤ አንተ የምትኮራባቸው ሊሚትና ዴሪቬቲቭ በሦስቱም ውስጥ የሉም። መካከለኛው ላይ የሚጠየቀው ሬሾና ፐርሰንት፣ ኤክስፖነንት፣ የቀጥታ መስመር እኩልታ፣ ፕሮባቢሊቲ፣ ሚንና ሚዲያን፣ ግራፍ ማንበብ ነው። ከሰባተኛ እስከ አሥረኛ ክፍል የተማርከው ማለት ነው። ያውም በታሪክ ተጠቅልሎ ይመጣል፦ ጃኬቱ ላይ 30 ፐርሰንት ቅናሽ ተደርጎ 6 ፐርሰንት ታክስ ሲጨመርበት ስንት ይሆናል ዓይነት። ስሌቱ ቀላል ነው፤ ሰው የሚወድቀው ዐረፍተ ነገሩ ውስጥ ነው።

ከዚህ የበለጠ የኛን ሰው የሚጎዳው ግን የፈተና ልማዳችን ነው። ማትሪክ ላይ እንዴት ነበር የምንሠራው? ቀላሉን ቀድመህ ትሠራለህ፣ ከባዱን ዘለህ ምልክት ታደርግበታለህ፣ ወደ መጨረሻ ትመለስበታለህ፣ ፈታኙ «አሥር ደቂቃ ቀራችሁ» ሲል የቀረውን ሁሉ ሲ እያልክ ታጠቁራለህ። ደሴ ሳስተምር ለተማሪዎቼ ይህንኑ ነበር የምመክረው፣ ለዚያ ፈተና ትክክለኛው ዘዴ ነበርና። አኩፕሌሰር ላይ ግን መዝለል የለም። ወደ ኋላ መመለስም የለም። በአንጻሩ የሰዓት ገደብ የለውም፤ አንዱን ጥያቄ ሩብ ሰዓት ብትቆይበት ማንም አይቆጣህም። ደግሞም ፈተናው እንደ መልስህ ራሱን ይቀይራል፦ ካገኘህ ቀጣዩ ይከብዳል፣ ከሳትክ ይቀላል። አንዳንዱ ተማሪ ጥያቄው እየከበደ ሲሄድ «አለቀልኝ» ብሎ ላብ በላብ ይሆናል፤ መክበዱ እኮ ደህና እየሠራ ለመሆኑ ምልክት ነው። አንተ ሌሊቱን ሙሉ ቆመህ አድረህ የመጀመሪያዎቹን አራት አምስት ጥያቄዎች በድካም ስተህ ከሆነ ፈተናው ወደ ታች ይዞህ ወርዷል። ከ20 ጥያቄ ውስጥ ያንን ለማካካስ የሚተርፍህ ጥቂት ነው።

ፈተናው ፍጹም ነው እያልኩህ አይደለም። ኒውዮርክ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ስለ ኮሚዩኒቲ ኮሌጆች የሚያጠና ማዕከል አለ። በ2012 ያወጣው ጥናት በእነዚህ ፈተናዎች ከተመደቡት ተማሪዎች በሒሳብ ከአራት አንዱ ያህል፣ በእንግሊዝኛ ከሦስት አንዱ ያህል በጣም የተሳሳተ ክላስ እንደገቡ አሳየ። አብዛኛው ስህተት ደግሞ ክላሱን መወጣት የሚችለውን ወደ ታች መግፋት ነበር። የሃይስኩል ውጤት ከፈተናው ይልቅ የተማሪውን ዕጣ በተሻለ እንደሚተነብይም ያው ጥናት ተናገረ። ከዚያ በኋላ ብዙ ነገር ተለወጠ። ኮምፓስ የሚባለውን ተቀናቃኝ ፈተና አዘጋጁ ራሱ በ2016 አቆመው። ካሊፎርኒያ በ2017 ባወጣችው ሕግ ኮሚዩኒቲ ኮሌጆቿ የሃይስኩል ውጤት አይተው እንዲመድቡ አደረገች። ስለዚህ ምደባዬ ልክ ላይሆን ይችላል ብለህ መጠርጠርህ ተገቢ ነው። ይግባኙ ግን በንግግር አይገኝም፣ በወረቀትና በድጋሚ ፈተና ነው።

በወረቀት ስልህ፦ የዘጠነኛ እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ትራንስክሪፕትህን አስመጣ፤ እውቅና ባለው የውጭ ማስረጃ ገምጋሚ ድርጅት አስገምግመው። አገር ቤት ዩኒቨርሲቲ ገብተህ የፍሬሽማን ሒሳብ ወስደህ ከነበረ ደግሞ ያ ወረቀት ወርቅ ነው፤ ሌላ ኮሌጅ የተወሰደ ሒሳብ አይተው ከፈተናው ነጻ የሚያደርጉ ኮሌጆች ብዙ ናቸው። የሚያሳዝነው የውጭ ትራንስክሪፕትን እንደ አሜሪካው በራሳቸው ተነሳሽነት የሚያዩልህ ጥቂቶች መሆናቸው ነው። አንተ ይዘህ ሄደህ «ይህን ለምደባ ትቀበላላችሁ ወይ?» ብለህ ካልጠየቅክ ፋይል ውስጥ ተኝቶ ይቀራል።

ድጋሚ ፈተናውን በተመለከተ፣ ስንት ጊዜ መፈተን እንደሚፈቀድና በመካከሉ ስንት ቀን መጠበቅ እንዳለብህ ቴስቲንግ ሴንተሩን ጠይቅ፤ ከኮሌጅ ኮሌጅ ይለያያል። ከዚያ ለሦስት ወይም ለአራት ሳምንት በቀን አንድ ሰዓት ተቀመጥ። ኮሌጅ ቦርድ በነጻ የሚሰጠው የልምምድ ፈተና ኢንተርኔት ላይ አለ። ከካልኩለስ ደብተርህ ጋር ጊዜ አታጥፋ። ክፍልፋይ መደመርና ማካፈል፣ የኔጌቲቭ ቁጥር ምልክት፣ ፋክተር ማድረግ፣ ፐርሰንት ላይ ሥራ፤ ያለ ካልኩሌተር ሥራ፣ ምክንያቱም የራስህን ማስገባት አይፈቀድም፣ ስክሪኑ ላይ ያለውም ለአንዳንድ ጥያቄ ብቻ ነው የሚከፈተው። እረፍት ባለህ ቀን፣ ተኝተህ አድረህ፣ ቁርስ በልተህ ሂድ። ከሺፍት በቀጥታ ወደ ፈተና መሄድ ሁለተኛ እንዳይለምድህ።

አንድ የማትወደው ነገር ልንገርህና ይህን ልዝጋ። ድጋሚ ተፈትነህ ነጥብህ ቢያድግ እንኳ ካልኩለስ ካላስገባችሁኝ ብለህ አትሟገት። ዴሪቬቲቭ ከተማርክ አሥራ አምስት ዓመት አልፎታል። ኮምፒውተር ሳይንስ ካልኩለስ አንድንና ከዚያ በላይ ስለሚፈልግ መሠረቱ የላላ ሰው እዚያ ሲደርስ ይወድቃል፤ ካልኩለስ ላይ የሚሰጥ ኤፍ ደግሞ ትራንስክሪፕትህ ላይ ይቀራል፣ ወደ አራት ዓመት ዩኒቨርሲቲ ስትዛወርም ተከትሎህ ይሄዳል። ከካልኩለስ በፊት የሚወሰደውን ፕሪካልኩለስ መግባት ከቻልክ ደስ ይበልህ። ክሬዲት የሌለው ክላስ ግን ከቻልክ አምልጠው፤ የሚከፈልበት ከሌላው እኩል ነው፣ ለዲግሪህ ግን አይቆጠርም። «ኮሪኩዊዚት አላችሁ?» ብለህ ጠይቅ። የኮሌጁን ሒሳብ ከድጋፍ ክላስ ጋር በአንድ ሰሚስተር አብረህ የምትወስድበት መንገድ ነው፤ ዛሬ በብዙ ስቴት አለ። አድቫይዘሩ ካልተጠየቀ ላይነግርህ ይችላል።

ጥያቄ፦ የተከበሩ መምህር፣ የምኖረው ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ነው፣ የአንድ ልጅ እናት ነኝ። ልጄ 18 ዓመቱ ነው፣ ዘንድሮ እዚሁ ሃይስኩል በ3.4 ጨረሰ። ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ሊገባ ነው። የሜሪላንድ ዘመዶቹ ፈተና ሲፈተኑ እሱ «እኔ ፈተና የለብኝም» ይለኛል። እየዋሸኝ መስሎኝ ኮሌጁ ደወልኩ። የልጄን ስምና የልደት ቀን ነግሬያቸውም «ልንነግርዎት አንችልም» ብለው ዘጉብኝ። ያሳደግኩት እኔ፣ የምከፍለው እኔ! ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ እህቴ፣ ልጅዎ አልዋሸም። ቨርጂኒያ ድሮ የራሷ የምደባ ፈተና ነበራት። አሁን የስቴቱ ኮሚዩኒቲ ኮሌጆች ሃይስኩል በቅርቡ የጨረሰውን ተማሪ በዋናነት ውጤቱን አይተው ነው የሚመድቡት። በ3.4 ከጨረሰ የኮሌጁን እንግሊዝኛ በቀጥታ ሊጀምር ይችላል። ሒሳቡ ሊማር ባሰበው ሙያ ይወሰናል፤ ኢንጂነሪንግ ከሆነ የወሰዳቸውን የሒሳብ ክላሶች ያዩበታል።

ስልኩን የዘጉብዎትም ሕግ አስገድዷቸው ነው። ፈርፓ የሚባል ከ1974 ጀምሮ ያለ የፌዴራል ሕግ አለ፤ ልጁ ኮሌጅ ከገባ ቀን ጀምሮ የትምህርት መዝገቡ መብት ከወላጅ ወደ ልጁ ይዛወራል። በታክስ ጥገኛ አድርገው ካስመዘገቡት ኮሌጁ ሊነግርዎት ይፈቀድለታል፣ አይገደድም። በኛ አገር ሥርዓት ይህ ነውር ይመስላል፤ እኔም ወላጅ ነኝና አውቀዋለሁ። የሚሻለው ልጁ ራሱ የፈቃድ ቅጹን እንዲፈርም መጠየቅ ነው፣ ወይም ማታ ቡና እየጠጣችሁ የተማሪ አካውንቱን ከፍቶ ያሳይዎት። ሁለተኛው መንገድ ብዙ ጠብ ያስቀራል።

ካነሱት አይቀር ግን ፈተና የለበትም ማለት ዝግጁ ነው ማለት አይደለም። እኔ የማስጠናቸው፣ እዚህ ያደጉ ልጆች ብዙውን ጊዜ የሚወድቁት በእውቀት ማነስ አይደለም። ሃይስኩል ውስጥ የቤት ሥራ ያልሠራን ልጅ መምህሩ ያሳድደዋል፣ ለወላጅ ኢሜይል ይደርሳል፣ ዘግይቶ ላስገባም ግማሽ ነጥብ ይሰጠዋል። ኮሌጅ ሲገባ «ሲለበስ» የሚባል ወረቀት ይሰጠዋል፤ የሰሚስተሩ ፈተናና የቤት ሥራ ሁሉ ከነቀኑ እዚያ ተጽፏል። ከዚያ በኋላ ማንም አያስታውሰውም። ልጁ ያንን ወረቀት የመጀመሪያው ሳምንት ላይ ስልኩ ካላንደር ውስጥ ካላስገባው ኦክቶበር ላይ ሚድተርም ድንገት ይደርስበታል።

ሰዓቱን አብረው ይቁጠሩለት። በፌዴራል ደንብ አንድ ክሬዲት ማለት በሳምንት አንድ ሰዓት ክላስና ቢያንስ ሁለት ሰዓት ከክላስ ውጭ የሚሠራ ሥራ ነው። 12 ክሬዲት የወሰደ ልጅ በሳምንት 36 ሰዓት አለበት፣ ሙሉ ሥራ እንደማለት ነው። በዚያ ላይ 30 ሰዓት ጋራዥ ውስጥ ፓርኪንግ ይሠራል፤ አባት ደግሞ «ለምን 18 ክሬዲት አልወሰደም፣ ቶሎ ይጨርስ እንጂ» ይላል። ይህን የምለው እርስዎን አይደለም፣ ግን በየቤቱ የምሰማው ነው። የመጀመሪያው ሰሚስተር ላይ ሥራውን በሳምንት ወደ 15 ሰዓት ያውርድ። አንድ ኤፍ ካመጣ ለዚያው ክላስ ድጋሚ ይከፍላሉ።

ጥያቄ፦ ሰላም ጋሼ፣ 19 ዓመቴ ነው፣ ዳላስ አጠገብ ጋርላንድ ነው ያለሁት። በዲቪ ከቤተሰቦቼ ጋር ከመጣን ገና ዓመት አልሞላንም። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ናዝሬት ነው የጨረስኩት። ነርሲንግ መማር እፈልጋለሁ። ኮሌጁ ቲኤስአይ ተፈተኚ አለኝ። ሒሳቡ አያስፈራኝም፤ ድርሰት ጻፊ የሚለው ግን እንቅልፍ ነሳኝ። አጎቴ ደግሞ «ኢኤስኤል (የእንግሊዝኛ ቋንቋ ማጠናከሪያውን) እንዳትገቢ፣ ጊዜሽንም ፔል ግራንትሽንም (መንግሥት የሚሰጥሽን የማይመለስ የትምህርት ገንዘብ) ይበላብሻል» ይለኛል። እውነት ነው?

መልስ፦ ልጄ፣ እንቅልፍሽን መልሺ፤ ድርሰቱ የሚሠለጠን ነገር ነው። ቲኤስአይ የቴክሳስ ስቴት የራሱ ምደባ ነው፤ አሁን የሚሰጠው ሁለተኛው ዓይነት በ2021 መጀመሪያ ላይ ወጣ። ነጥቡ ከ910 እስከ 990 ነው። በሒሳብ 950፣ በእንግሊዝኛ 945 እና ከ8 በሚታረመው ድርሰት ቢያንስ 5 ካመጣሽ ለኮሌጅ ዝግጁ ነሽ ይሉሻል። ከዚያ በታች ብታመጪም ወዲያው አያበቃም፤ ዲያግኖስቲክ የሚባል ተጨማሪ ክፍል ይከፈትልሽና እዚያ ጥሩ ከሠራሽ አሁንም ዝግጁ ልትባዪ ትችያለሽ። ስለዚህ ስክሪኑ «ቀጥዪ» ሲልሽ ተናደሽ እንዳትወጪ። ከፈተናው በፊት ደግሞ ኢንተርኔት ላይ የሚሠራ ቅድመ ዝግጅት አለ፣ ግዴታ ነው፤ እሱን ሳትጨርሺ ብትሄጂ አይፈትኑሽም።

ስለ ድርሰቱ። ከ300 እስከ 600 ቃል ነው የሚጠየቀው። አንድ አከራካሪ ሐሳብ ይሰጡሽና ትስማሚያለሽ አትስማሚም ይሉሻል። እኛ አገር ድርሰት ስንጽፍ የለመድነው ሌላ ነው፦ ርዕሱ ምን ያህል ጠቃሚ እንደሆነ እናትታለን፣ «በአንድ በኩል፣ በሌላ በኩል» እንላለን፣ የራሳችንን አቋም መጨረሻ ላይ በትሕትና እናስቀምጣለን፤ አንዳንዴም ጭራሽ አናስቀምጥም። ይህን ድርሰት የሚያርመው ኮምፒውተር ነው፣ እንዲህ ያለውን ጨዋነት አይረዳልሽም። አቋምሽን በመጀመሪያው አንቀጽ ጻፊው። ከዚያ ሁለት ምክንያት፣ ለእያንዳንዱ አንድ አንቀጽ፣ በያንዳንዱ ውስጥ አንድ ምሳሌ ከሕይወት፤ የናዝሬት ትምህርት ቤትሽም፣ የእናትሽ ሥራም ምሳሌ ይሆናል። አጭር ዐረፍተ ነገር ተጠቀሚ። መዝገበ ቃላት ውስጥ ያገኘሽውን ትልልቅ ቃል ተዪው። በሳምንት ሦስት እንዲህ ያለ ድርሰት በኮምፒውተር ጽፈሽ እንግሊዝኛው ለሚሻል ሰው አሳዪ። በኮምፒውተር ያልኩት ሆን ብዬ ነው፤ በእስክሪብቶ ጥሩ የሚጽፉ ልጆች ኪቦርዱ ላይ ፊደል ሲፈልጉ ሐሳባቸው ይጠፋል።

አጎትሽ ግማሹን ልክ ነው። ፔል ግራንት ከኮሌጅ በታች ለሆኑ ማጠናከሪያ ክላሶች የሚከፍለው እስከ 30 ክሬዲት ድረስ ነው፤ የኢኤስኤል ክላስ ግን በዚያ 30 ውስጥ አይቆጠርም። በሌላ በኩል ፔል በጠቅላላው በሕይወትሽ የ12 ሙሉ ሰሚስተር ያህል ነው፣ ኢኤስኤል ስትማሪ ያገኘሽውም ከዚያ ይቀነሳል። አንድ ወይም ሁለት ሰሚስተር ብትማሪ ለነርሲንግ ከበቂ በላይ ይተርፍሻል።

የኔ አስተያየት ከአጎትሽ ይለያል። ነርሲንግ ከመግባትሽ በፊት አናቶሚና ፊዚዮሎጂ ትወስጃለሽ። አንድ ምዕራፍ አርባ ገጽ ነው፣ በሳምንት አንዱን ጨርሰሽ መፈተን አለብሽ፣ ነርሲንጉ ደግሞ የዚያን ክላስ ውጤት አይቶ ነው የሚቀበልሽ። ከኢኤስኤል በልመናና በክርክር ያመለጡ፣ ከዚያ አናቶሚ ላይ ሲ አምጥተው የነርሲንግ በር የተዘጋባቸው ልጆች አውቃለሁ። እንግሊዝኛ መጽሐፍ አንድ ገጽ ለማንበብ አሥር ደቂቃ የሚፈጅብሽ ከሆነ ኢኤስኤል ገብተሽ ተማሪ። ካልፈጀብሽ አትግቢ። ይህን ከማንም በላይ ራስሽ ታውቂዋለሽ፤ ዛሬ ማታ አንድ ገጽ ይዘሽ ሰዓት እያየሽ ሞክሪው።

ሒሳቡ አያስፈራኝም ብለሽ ደግሞ እንዳትዘናጊ። ኮሌጅ አልጀብራ ከመመዝገብሽ በፊት የምትፈልጊው የነርሲንግ ፕሮግራም የትኛውን ሒሳብ እንደሚጠይቅ እይ። ብዙዎቹ ስታቲስቲክስ ነው የሚፈልጉት። የማያስፈልጋቸውን አልጀብራ ሲገፉ የሚከርሙ አሉ።

ሌላው፣ አዲስ ስለሆንሽ ነው የምነግርሽ፦ የፈተና ቀጠሮሽ 3 ሰዓት ቢል ከሰዓት በኋላ በኛ ዘጠኝ ሰዓት ነው። በኛ ሦስት ሰዓት ነው ብሎ ጠዋት መጥቶ ለስድስት ሰዓት ያህል በር ላይ የተቀመጠ ልጅ አይቻለሁ። እሱስ ቀድሞ ነው የመጣ፣ በተቃራኒው ያረፈደም አለ። ፎቶ ያለበት መታወቂያ ያዢ፤ ስልክሽን ከውጭ ያስቀምጡታል።

ጥያቄ፦ መምህር፣ ወንድሜ ኢንጂነሪንግ ሊማር አራት ዓመት ዩኒቨርሲቲ ገብቷል። አሌክስ የሚባል የሒሳብ ምደባ ቤቱ ሆኖ በላፕቶፕ ተፈተን አሉት። እኔ ሲቪል ኢንጂነር ነኝ፣ ይህን ሒሳብ በእንቅልፌ እሠራዋለሁ። አጠገቡ ቁጭ ብዬ ብረዳው ምን ችግር አለው? ማን ያየዋል?

መልስ፦ ማንም ላያይህ ይችላል። ግን ሴፕቴምበር ላይ ካልኩለስ ክላስ ውስጥ የሚቀመጠው እሱ ነው፣ አንተ ቢሮህ ነህ። እንዲህ ተረድተው የገቡ ልጆችን ሦስተኛው ሳምንት ላይ ነው ማስጠኛ ክፍል የማገኛቸው፤ ክላሱን ለመጣል ቀኑ ካለፈ በኋላ የሚመጡም አሉ፣ ለእነሱ ብዙ ላደርግላቸው አልችልም።

ደግሞ እርዳታህ የሚያሳጣውን ነገር ስማ። አሌክስ እስከ 30 ጥያቄ ይጠይቅና ከ100 ነጥብ ይሰጣል። ከዚያ የትኛውን ርዕስ እንደሚያውቅ፣ የትኛውን እንደማያውቅ ለይቶ ለራሱ ብቻ የተዘጋጀ የማጠናከሪያ ትምህርት ይከፍትለታል። እዚያ ላይ ሳምንታት ሠርቶ ድጋሚ መፈተን ይችላል፤ ዩኒቨርሲቲው ከፈቀደ እስከ አምስት ጊዜ። አንተ ከመለስክለት ግን ማሽኑ የሚያስተምረው ያንተን ክፍተት ነው። አንተ ደግሞ ክፍተት የለብህም፤ ስለዚህ ምንም አያስተምረውም።

የመጀመሪያውን ሙከራ ብቻውን፣ በሩን ዘግቶ፣ ወረቀትና እርሳስ ይዞ ይሥራ። ያልተማረውን ጥያቄ ከመገመት ይልቅ «ይህን ገና አልተማርኩም» የሚለውን ይጫን፤ ይህ ቁልፍ የተቀመጠው ለዚሁ ነው። ነጥቡ ዝቅ ቢል አትደንግጡ። ያንተ ሥራ የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው፦ ማጠናከሪያው ላይ ሲቀመጥ ሎጋሪዝምና ትሪጎኖሜትሪ ሲያስቸግረው አጠገቡ ተቀመጥ፣ እርሳሱን ግን አንተ አትያዝ። ዩኒቨርሲቲው ለካልኩለስ አንድ ስንት ነጥብ እንደሚፈልግ፣ በሙከራዎች መካከል ስንት ሰዓት መጠበቅ እንዳለበትና የመጨረሻው ሙከራ በካምፓስ ፈታኝ ፊት የሚሰጥ መሆን አለመሆኑን ዛሬውኑ ኢሜይል ጽፎ ይጠይቅ። በኦገስት ሦስተኛ ሳምንት የሒሳብ ዲፓርትመንቱ ኢሜይል ይጨናነቃል፣ መልስም ቶሎ አይመጣም።